አልናቃትም

መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው የትኛው ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ወላጅ ልጁን ሊወስድ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ልጁም ደክሞታል፣ ወላጁም ደክሞታል።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ አራት ዓመቱ ነው። ሲጫወት ውሎ፣ እናቱን በሩ ላይ ሲያያት መሬት ላይ ይንከባለላል። «አልሄድም!» እያለ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። እናቱ መጀመሪያ ትለምነዋለች፣ ቀጥሎ ትቆጣዋለች፣ ሲጨንቃት ስልኳን ታወጣለች። ወዲያው ዝም!

አንድ ቀን እንባዋ እየተናነቃት «ሚስ፣ አንቺን ይሰማሻል። እኔን ግን ንቆኛል አይደል?» አለችኝ።

አልናቃትም። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚደግመው የሠራለትን ነገር ነው። ሲጮኽ ስልክ ያገኛል፤ እሷም ስልኩን ስትሰጠው እፎይታ ታገኛለች። ስለዚህ ነገም ሁለቱም ያንኑ ይደግማሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ በቤተሰብ መካከል የሚሽከረከር ነገር ነው።

አብረን ተመካከርን። እሷ ልትደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራት እኔ «አንዴ ሸርተቴው ላይ ተንሸራተትና ቦርሳህን እናመጣለን» እለዋለሁ። እሷ ስትመጣ ቁጢጥ ብላ ሰላም ትለውና «ጫማህን እኔ ላድርግልህ ወይስ ራስህ ታደርጋለህ?» ትለዋለች። ከጮኸ አጠገቡ ትቆያለች፤ ስልክ የለም፣ ቁጣም የለም። ሲነሳ ግን ያደረገውን ለይታ ትነግረዋለች፦ «ጫማህን ራስህ አደረግህ! ደስ ብሎኛል።» ዝም ብሎ «ጎበዝ» ቢባል ለምን እንደተመሰገነ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሰበት። ጫማውን ወረወረ፣ በሩን በእርግጫ መታ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ በጣም የምጨነቀውም ለዚህ ቀን ነው። ድሮ የሠራ ነገር መሥራት ሲያቆም ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሞክረዋል። ብዙ ወላጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ያን ቀን ስልኩ ቢወጣ ልጁ የሚማረው አጥብቆ መጮኽን ነው። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ ኤፍ ስኪነርም በቤተ ሙከራ እንዳሳየው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ልማድ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ይልቅ ለመጥፋት ይቸግራል።

እናትየው ጸናች። አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝም አለችው። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ወደ ማልቀስ ወረደ፣ ከዚያ ራሱ ወደ ጭኗ መጣ። አቀፈችው። ማቀፍ ማሞላቀቅ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። ስልኩን ከለከለችው እንጂ ራሷን አልከለከለችውም።

አሁንም አንዳንድ ቀን ያኮርፋል፣ ቦርሳውን ግን ራሱ ይዞ ይወጣል። ስልኩንም ጨርሶ አላጣውም፤ ቤት ገብቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሰሞኑን ደግሞ እናቱ ስለ መኝታ ሰዓት ጠይቃኛለች። መብራት ከመጥፋቱ በፊት የሚሆነውን በየምሽቱ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንድታደርገው፣ የሚነበበውንም መጽሐፍ እሱ እንዲመርጥ ተስማምተናል።