ከ36,000 እስከ 60,000 ማይል፦ ስለ ሞተር ቱን እና ዋስትና እስካሁን የገባኝ

አንዱ "ቱን ካደረግክ ዋስትናህ አለቀ" ይላል። ሌላው "ሕግ አለ፣ ምንም አያደርጉህም" ይላል። (ቱን ማለት ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌር መለወጥ ነው።) ሁለቱንም ስሰማ ኖሬ በራሴ መኪና ላይ ለመወሰን ወረቀቱን ማንበብ ስጀምር ጥያቄው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የትኛው ክፍል ሲሰበር፣ እስከ ስንት ማይል ድረስ፣ ከፋዩ ማን ነው?

መኪናዬ የ2021 ፎርድ ሬንጀር ነው፤ ባለ 2.3 ሊትር ቱርቦ ኢኮቡስት፣ አሥር ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ። ከፋብሪካ ሲወጣ 270 የፈረስ ጉልበትና 310 ፓውንድ ፉት ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) አለው። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በሥራ ቀን ያመላልሰኛል፣ ቅዳሜና እሁድ ተጎታች ይስባል። ውሳኔው ላይ ስደርስ ማይሉ ሃያዎቹ ሺህ አጋማሽ ላይ ነበር። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ብር ከማውጣቴ በፊት መለካት ልማር አልኩ። ርካሽ የኦቢዲ ማገናኛ (የመኪናው ኮምፒውተር የምርመራ መሰኪያ ላይ የሚሰካ) እና ፎርስካን የሚባለው ፕሮግራም ለፎርድ ይበቃሉ። ብዙ የሚያስተምረው ቁጥር የኦክቴን ማስተካከያ ሬሾ ነው። ወደ አሉታዊ 1 ሲጠጋ ኮምፒውተሩ ነዳጁን አምኖ ብልጭታውን ያስቀድማል። ወደ አዎንታዊ 1 ሲሄድ ግን ሞተሩ ሲያንኳኳ ስለሰማ ብልጭታውን እያዘገየ ነው፤ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። በ87 ኦክቴን ስነዳ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር (ኦክቴን ነዳጁ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት መጠን ነው)። 93 መሙላት ስጀምር ቀስ በቀስ ወርዶ አሉታዊ 1 ላይ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቱን የሚባል ነገር ገና አልተነካም። "ቱን አስደርጌ መኪናው ነፍስ ዘራ" የሚሉ ሰዎች ገሚሱን ለውጥ ያገኙት በዚያው ቀን ከቀየሩት ነዳጅ ይመስለኛል። ቱኑን ለመግዛት የቸኮላችሁ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ሙሉ ታንክ 93 ሞልታችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ።

ቱን የሚነካው የቱርቦውን ግፊት፣ የብልጭታውን ጊዜ፣ የነዳጁን መጠንና የቶርክ ጣሪያውን ነው። ፋብሪካው ሰፊ መጠባበቂያ ይተዋል፤ ያው መኪና በአሪዞና ሙቀት በ87 ኦክቴን ተጎታች ሊስብ ይችላልና። ቱን የሚሠራው ሰው ከዚያ መጠባበቂያ ላይ ቆርሶ ይሰጣችኋል። ስለዚህ "ስንት ፈረስ ጨመረ" ከሚለው ይልቅ ከየትኛው ዙር (ሞተሩ በደቂቃ ከሚሽከረከርበት ፍጥነት) ላይ ቆረሰ የሚለውን መጠየቅ ይበልጣል።

ትንንሾቹን ቱርቦ ሞተሮች የሚገድላቸው በአብዛኛው ላይኛው ዙር አይደለም። ታች፣ በ1,500 እና በ2,000 ዙር አካባቢ፣ ከባድ ቶርክ ሲጠየቅ ድብልቁ ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ ክፉ ጊዜ ይበቃል፤ ፒስተኑ የቀለበቶቹ መቀመጫ ላይ ይሰነጠቃል። ከ2018 ጀምሮ ኤስኤን ፕላስ የሚባለው የዘይት ደረጃ የወጣውም ይህን ለመቀነስ ነው። ከታች ጀምሮ "ጥሎ የሚወረውር" ብሎ የሚሸጥ ቱን ስታዩ፣ የተወረወረው ፒስተኑም ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ካምቢዮው ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። አሥር ማርሹ ካምቢዮ ፍሪሲዮኖቹን በምን ያህል ግፊት እንደሚይዝ የሚወስነው ሞተሩ በሚነግረው የቶርክ ግምት ነው። አንዳንድ ቱን ሠሪ እውነተኛውን ቶርክ ይጨምርና ግምቱን ባለበት ይተወዋል። ያኔ ካምቢዮው 310 መጣ ብሎ ላላ አድርጎ ይይዛል፣ የመጣው ግን ከዚያ በላይ ነው። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ፦ "ልጄ፣ ጉልበት ማንም ይሸጥልሃል፤ አንተ መፈለግ ያለብህ ካምቢዮው ሲንሸራተት የሚከፍልህን ነው።"

ወደ ከፋዩ እንግባ። የፎርድ የአዲስ መኪና ዋስትና ሁለት እርከን አለው። አጠቃላዩ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። ሞተርና ካምቢዮን የሚይዘው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። የፎርድ የራሱ ክፍል የሆነው ፎርድ ፐርፎርማንስ ለዚህ ሬንጀር ያወጣው ካሊብሬሽን፣ ማለትም የፋብሪካው ቱን፣ ሞተሩን ወደ 315 ፈረስና 370 ፓውንድ ፉት ያደርሰዋል፤ ሲወጣ ዋጋው ከ825 ዶላር ጀምሮ ነበር። በፎርድ ነጋዴ ወይም የሙያ ፈቃድ ባለው ቴክኒሻን ከተጫነ ካሊብሬሽኑ የራሱ ዋስትና አለው። እሱም 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው።

እንግዲህ ሁለቱም መኪናው አዲስ ከተሸጠበት ቀን የሚቆጠሩ ከሆነ (ይህን ነጋዴውን ጠይቁ)፣ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። "የፋብሪካ ቱን ዋስትና አይነካም" የሚለው አባባል እስከ 36,000 ድረስ ልክ ነው። ከ36,000 እስከ 60,000 ባለው መሐል ግን የሞተር ዋስትናችሁ አለ፣ የካሊብሬሽኑ ዋስትና ግን የለም። የውሃ ፓምፕ ቢያፈስ ማንም አይከራከራችሁም። ፒስተን ቢሰነጠቅ ግን "ይህን ያመጣው ካሊብሬሽኑ ነው ወይስ አይደለም" የሚለው ክርክር ይመጣል። 5,000 ማይል ላይ የሚገዛ ሰውና 34,000 ላይ የሚገዛ ሰው አንድ ዋጋ ከፍለው የሚያገኙት ሽፋን ለየቅል ነው። ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም።

ቱን ከውጭ ሲገዛ ክርክሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ሕጉ ግን ባዶ እጃችሁን አይተዋችሁም። በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን ከራሱ ብራንድ ዕቃ ጋር እንዳያስር ይከለክላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ አንቀጽ የሚጠቀሙ ስድስት ኩባንያዎችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል፤ ሀዩንዳይ ከነሱ አንዱ ነበር። በ2022 ደግሞ ሃርሊ ዴቪድሰን የሌላ አምራች ዕቃ ለተጠቀመ ዋስትና የሚነፍገውን ቃል እንዲያወጣ አድርጓል። ስለዚህ "ቱን ስላለው" ተብሎ የመስኮት ማንሻ ሞተር ጥገና ሊከለከል አይገባም። ነገር ግን ያው ሕግ ቱኑ ራሱ ላመጣው ጉዳት አምራቹ ይክፈል አይልም። ማስረዳት ያለበት አምራቹ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም ክርክሩ እስኪያልቅ መኪናው ጋራዥ የቆመበት፣ የመኪናውን ወርሃዊ ዕዳ የሚከፍለውና ጠበቃ የሚፈልገው ባለቤቱ ነው።

"ነጋዴው ጋ ከመሄዴ በፊት ወደ ፋብሪካው መልሼ እጭነዋለሁ" የሚለውንም ብዙ ሰምቻለሁ። የሰውየውን ሐቀኝነት ለጊዜው እንተወውና፣ በቴክኒክም አያዛልቅም። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የካሊብሬሽን መለያና ማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ የተለወጠ ሶፍትዌር ማረጋገጫው አይገጥምም። ሲመለስ ደግሞ የጭስ ልቀት መቆጣጠሪያዎቹ የራስ ምርመራ ውጤት ይጠፋል። ትናንት ሲሠራ የነበረ መኪና ዛሬ ሁሉም መቆጣጠሪያ "ያልተጠናቀቀ" ሲል ልምድ ያለው ቴክኒሻን ምን እንደተደረገ ይገባዋል። ፎልክስቫገንና ኦዲ ያላችሁ ቲዲ1 የሚባለውን ምልክት ታውቁታላችሁ። የነጋዴው ማሽን የተለወጠ ሶፍትዌር ካየ ከመኪናው መለያ ቁጥር ጋር መዝግቦት ይቀራል፤ መኪናው ቢሸጥም አብሮት ይሄዳል።

የልቀት ነገር ለኛ አካባቢ ቀልድ አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ ምርመራ አለ፣ ገመዱ የሚሰካውም እዚያው ኦቢዲ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ የባሰ ነው፤ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስሞግ (የጭስ ልቀት) ምርመራው የሶፍትዌሩን ማረጋገጫ ያያል። ያልተፈቀደ ቱን ካለ መኪናው ይወድቃል። የሚያልፈው የግዛቱ የአየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ያለው ቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያላቸው ከውጭ የሚገዙ ቱኖች አሉ፤ ስለዚህ ስትገዙ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ።

በመጨረሻ የፋብሪካውን ወሰድኩ። ከውጭ የሚገዛው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አንድ ወዳጄ ዋስትናው ያለቀ ሱባሩ አለው። ሞተሩ ሲሠራ የቀዳውን መረጃ በኢሜይል እየላከ ቱን ሠሪው በየጊዜው ካርታውን (የቱኑን ቅንብር) ያስተካክልለታል፣ የሱ ቱን ከኔ ይልቅ ለመኪናው የተሰፋ ነው። እሱ የሚያጣው ዋስትና የለውም። እኔ ግን ገና 36,000 አልደረስኩም፣ መኪናው ደግሞ ሥራ የሚያመላልሰኝ አንዱ ብቻ ነው።

ነጋዴ ለመምረጥ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። የካሊብሬሽኑ ዋስትና መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው ቀንና ማይል ነው? በዋስትና ሥራ ወቅት ሶፍትዌሩ ቢታደስና ካሊብሬሽኑ ቢጠፋ ማን ይመልሰዋል? የመጀመሪያው ቦታ ያገኘሁት የአገልግሎት ሠራተኛ "ችግር የለም ወንድሜ" አለኝና ይጻፍልኝ ስል ፊቱ ተለወጠ። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ መልሱን በሥራ ትዕዛዙ ላይ ጻፉት፤ የተጫነበት ማይልና የካሊብሬሽኑ መለያም አብሮ ተጻፈ። ወረቀቱን ከመኪናው ሰነድ ጋር አስቀመጥኩት። የእናንተን እዚያው የምትገዙበት ቦታ አስጽፉ፤ የኔ መልስ ለሌላ ሞዴል ላይሠራ ይችላል።

ለውጡ? ከመሐለኛው ዙር ላይ ይሰማል፤ አውራ ጎዳና ላይ ለመቅደም ስረግጥ ካምቢዮው እንደ ድሮው ሁለት ሦስት ማርሽ ወርዶ አያጓራም። ከቆመበት ሲነሳ ብዙም ልዩነት የለም፤ ስለ ታችኛው ዙር ከላይ ካልኩት አንጻር ይህ ደስ አሰኘኝ። የኦክቴኑ ቁጥር በ93 አሉታዊ 1 ላይ ነው። ትራፊክ ውስጥ የሚገባው አየር ሙቀት ከፍ ይላል፣ መንገዱ ሲከፈት ይወርዳል። የነዳጅ ወጪዬ ጨምሯል፤ ይህን ስሌቱ ውስጥ የማያስገባ ሰው ራሱን እየሸነገለ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ "ለኔስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የአሜሪካው ዋስትና ባሕር አይሻገርም፣ ስለዚህ ክርክሩ እሱን አይነካውም። ከፍታው ግን ይነካዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለመያዝ ቱርቦው ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ለቨርጂኒያ የተሠራ ካርታ እዚያ ቢጫን ቱርቦውን ከልኩ በላይ ሊያሠራው ይችላል።

ቀጣዩ ሥራዬ ተጎታቹን አስሬ በአውራ ጎዳና 64 የአፍተንን ተራራ በሙቀት ቀን እየወጣሁ የካምቢዮውን ዘይት ሙቀትና የኦክቴኑን ቁጥር መመዝገብ ነው። ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ይህ ሞተር ካላችሁ ከተራራው የመዘገባችሁትን ላኩልኝ፤ ከኔው ጋር አስተያይቼ አወጣዋለሁ።