የነርስ መምህርንስ ማን ይጠይቃት?

ነርስ መምህር ሁለት ሥራ አለባት። ክፍል ታስተምራለች። ሆስፒታል ዋርድ ላይ ደግሞ ተማሪው እጁ እንዲፈታ፣ በሽተኛውም እንዳይጎዳ ትጠብቃለች። የሙያ ፈቃድ ፈተናው በ2011 ዓ.ም.፣ የመውጫ ፈተናው በ2015 ሲመጡ ጭንቀቱ ጨመረ። ተማሪ ሲወድቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን (ከሥራ ጭንቀት የሚመጣ መዛልን) የሚገልጸው በሦስት ነገር ነው፦ ጉልበት ማለቅ፣ በልብ ከሥራ መራቅ፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። ዋርድ መግባት የምወደው ሰው፣ ተማሪ ሲጠራኝ ደስ አይለኝም ነበር።

የስትረስ ሥልጠና ወስጃለሁ። ጥሩ ነበር፤ ግን በማግስቱ የሚጠብቀኝ ሥራ ያው ነው። ስለዚህ ሰዓቴ የት እንደሚሄድ መጻፍ ጀመርኩ። ሎግ ቡክ (ተማሪው ዋርድ ላይ የሠራውን የሚመዘግብበትን ደብተር) መፈረም፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ጥያቄ መመለስ፣ ብዙ ተማሪ ይዞ ከአልጋ አልጋ መሮጥ። ወረቀቱን ይዤ ዲፓርትመንት ስብሰባ ገባሁ። ደክሞኛል ከማለት ይልቅ ይሄ ተሰማ። ልምድ ያላቸው የዋርድ ነርሶች ፕሪሴፕተር (ተማሪን ዋርድ ላይ የሚያሠሩ) ሆነው ተማሪ እንዲካፈሉን ተስማማን፤ ዲፓርትመንቱም የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ሎግ ቡክ እዚያው ዋርድ ላይ፣ በዕለቱ ይፈረማል። ቴሌግራም ለነገ ይቆያል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ በሽተኛ ሲሞት፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ተማሪዎቹን ሰብስበን ምን እንዳዩና ምን እንደተሰማቸው እናወራለን። አንዳንዱ ሞት ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ያለቅሳል። አባብለን እንሸኛለን። ከዚያ እኛ በቀጥታ ወደ ክፍል እንሄድ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ሲስተር፣ እኛስ መቼ ነው የምናወራው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ ቀን መምህራኑ ሻይ ይዘን፣ በር ዘግተን እንቀመጣለን። ሪፖርት የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም። መጀመሪያ ወንዶቹ ዝም ይሉ ነበር። አሁን ቀድመው የሚጠሩን እነሱ ናቸው። እኔ ይሄንን ከየትኛውም ሥልጠና አስበልጣለሁ።

ለጀማሪ መምህር የምለው፣ ብቻሽን አትጠይቂ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ግቡ። የእኛ የዋርድ ሰዓት ሎድ (የመምህር የሥራ ሰዓት ስሌት) ላይ የሚያዘው አሁንም አንሶ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሁላችንንም የሰዓት መዝገብ ይዘን እንቀርባለን።