ከበሮው ምን ነካው?

ደብረ ብርሃን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት የማታ ጥናት። «ዛሬ ከበሮው ምን ነካው?» አለች አንዷ መዘምርት። ሲመቱት ድፍን ድምፅ ብቻ! ሲሚንቶ ወለል ላይ አድሮ ቆዳው እርጥበት ጠጥቷል፤ ላልቷል።

መላው የከሰል ምድጃ ነው። ግን አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ፣ እያገላበጡ፤ መጀመሪያ ሰፊውን አፍ፣ ቀጥሎ ጠባቡን። ተቻኩለው እሳት ላይ የደፉት ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቆዳ መቀየር ነው። በጣት ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ፤ ጥርት ብሎ «ዱም» ሲል ይበቃዋል።

ሌላው ጣጣ ጭብጨባው ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ሰው ለመሞቅ ያጨበጭባል (አይፈረድበትም)፤ ከበሮውን ቀድሞ ይሮጣል፣ አዝማቹ ላይ ትንፋሽ ያልቃል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም መሆኑም አለ። ለገና ሌሊት ከበሮው ከወለል ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ተብሏል፤ ምስማሩ ግን ገና አልተመታም።