ባርቢ ቆማ የማትገባበት ቤት

ልጄ ስድስት ዓመት የሞላት ሰሞን መርካቶ ሄጄ የአሻንጉሊት ቤት ገዛሁላት። ሮዝ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ ደረጃ፣ ምን የሌለው አለ! ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፍሎኝ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ። ባርቢዋን ልታስገባ ስትል ጭንቅላቷ ጣሪያውን መታው። «እማዬ፣ ቤቷ ውስጥ ተኝታ ብቻ ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

በሻጩ አልፈርድም፤ ሳልለካ የገዛሁት እኔ ነኝ። የተለመደው የአሻንጉሊት ቤት በ1 ለ 12 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 12 ጊዜ አንሶ ነው የሚሠራው፤ የሚስማማውም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ አሻንጉሊት ነው። ባርቢ ግን የ1 ለ 6 ናት፤ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። እጥፍ ማለት ነው። ወንበሩም አልጋውም ለእሷ አይሆንም።

ሌላ ለመግዛት አቅሙም ወኔውም አልነበረኝም። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የባርቢ ቤት ራሱ ከካርቶን የተሠራ እንደነበር ሳውቅ ግን ተጽናናሁ። የዚያኑ ዕቃ ካርቶን ቆርጬ መሞከሪያ ሠራሁ። ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። ጣሪያው 30 ሴንቲ ሲሆን አሻንጉሊቷ ትገባለች፣ ግን እጇን ስታነሳ ይነካል፤ የልጄ እጅም አብሮ አይገባም። 36 ላይ ተስማማን። ደግሞ የእኛዋ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ስትቀመጥ እግሯ ፊት ለፊት እንጨት ሆኖ ይዘረጋል። ስለዚህ የክፍሉን ጥልቀት 35 አደረግነው።

እኛ ብሎክ ሥር የኪችን ካቢኔት የሚሠራ ልጅ አለ። የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የታመቀ ጣውላ) ቁርጥራጭ እንዳለው ጠየቅኩት። «እናት፣ ለአሻንጉሊት ይሄ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ። ባርቢዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳቆምለት ሜትሩን አነሳ።

ሦስት ፎቅ አማረኝና ተውኩት፤ ኤምዲኤፍ ከባድ ነው፣ እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። ሁለት ፎቅ በቂያችን ነው። የጎረቤት ልጆች ስለሚመጡ በፊትም በኋላም ክፍት ይሁን አልኩ፤ ይሄኛው ስህተት ነበር። ጀርባ የሌለው መደርደሪያ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ሁለት ልጅ ሲደገፈው ደግሞ አስፈራኝ። መልሼ አውርጄው ካቢኔት ሠሪው የጀርባውን ግማሽ በኮምፔንሳቶ መታልኝ፤ ግማሹ ክፍት ቀረ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዕቃ አልገዛሁም። አልጋው የጫማ ካርቶን ነው፣ ምንጣፉ የአሮጌ ነጠላ ጥለት።

ሮዙ ቤት አልተጣለም። የፕላስቲክ ፍየሎችና አንድ ዝሆን ገብተውበታል፤ አከራይዋ ባርቢ ናት፣ በየወሩ መጨረሻ እየሄደች ታስጨንቃቸዋለች።