የቱ አንበሳ?

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል፤ እኔም አብሬው። በዚህ መሀል «አንበሳው ጋ ነኝ» የምትል መልእክት ገባች። ላኪው ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም። ግን ቸርችል ጎዳና ላይ «አንበሳው» ማለት ምን ማለት ነው?

ለገሐር ያለው ወርቃማው ነው። ዘውድ ደፍቶ፣ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት ዘንግ ይዞ ከፍ ካለ መደብ ላይ ቆሟል። የመደቡን ጎኖች ዞር ዞር ብሎ ያየ ምኒልክን፣ ዘውዲቱን፣ ራስ መኮንንንና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያገኛቸዋል፤ ብዙ ሰው ግን ቀና ብሎ አንበሳውን አይቶ ያልፋል። የተተከለው በ1923 ለዘውድ በዓሉ ሲሆን ከኋላው ያለው ጣቢያ በአንድ ዓመት ገደማ ይቀድመዋል። የሰፈሩ ስም ራሱ «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ደጅ ያለው ሌላ ነው። ድንጋይ ነው፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ እንስሳ ከመሆኑ በፊት ሕንፃ የነበረ የሚመስል። ሞሪስ ካልካ የሠራው ለንጉሡ 25ኛ የንግሥ በዓል ነው፤ ቴአትሩም የተመረቀው ለዚያው በዓል፣ በ1948 ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፦ የአንዱን ዓመት በእኛ፣ የሌላውን በፈረንጅ ይወስድና 1923ን ከ1955 ቀንሶ 32 ያገኛል። ወይ ሁለቱንም በእኛ፣ ወይ ሁለቱንም በፈረንጅ!

ሕንፃውን የጀመሩት ጣልያኖች ናቸው፣ ለሲኒማ ብለው። ሳይጨርሱት ሄዱ። ጨርሶ ቴአትር ያደረገው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነው፤ አጠገቡ ያለው ክቡ የንግድ ባንክም የእሱ እጅ ነው። በንጉሡ ስም ተከፈተ፣ አብዮቱ መጣና «ብሔራዊ» ሆነ። ደጁ ላይ ያለው የድንጋይ አንበሳ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የወርቃማው ታሪክ ይከብዳል። በወረራው ጊዜ ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ዶጋሊ ላይ ለሞቱ ወታደሮቻቸው ባቆሙት ሐውልት ሥር አኖሩት። ዘርዓይ ድረስ በሰኔ 1930 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው አገሩ የገባው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ደርግ ሊያነሳው አስቦ ሳለ አርበኞች ዘርዓይን ጠርተው ተከራከሩለት ይባላል። ዘውድ የደፋ ሐውልት በዚያ ዘመን በሌላ ምን ሊተርፍ ይችል ነበር?

ደርግ እኮ አንበሳ አልጠላም። የልዑል መኮንንን ስም ከሆስፒታሉ ላይ አንስቶ «ጥቁር አንበሳ» ያለው ማን ሆነና? በ1928 ጫካ የገቡት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ስም ነው፣ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ያሉበት። ስለዚህ ሦስተኛው አንበሳ ሐውልት የለውም፣ ሕሙማን ያሉት ሕንፃ ነው። ከፊቱ በመስከረም 1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ ቁመቱ 50 ሜትር ገደማ፣ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ። የሰሜን ኮሪያ እጅ አለበት፣ የኩባ ሰማዕታት ፎቶግራፍም አለበት። አንበሳ ግን የለበትም።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚፈልግ ከማዘጋጃ ቤቱ ይጀምር። መንገዱ ከዚያ እስከ ለገሐር ቁልቁለት ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ ሐውልት ማየት ትቶ ትንፋሹን መቁጠር ይጀምራል። የማዘጋጃው ሕንፃ ራሱ በ1957 የተመረቀ የአርቱሮ መዘዲሚ ሥራ ነው፣ የራሱ የቴአትር አዳራሽም አለው። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወረድ ሰዉ «ሰይጣን ቤት» ያለው የመጀመሪያው ሲኒማ የነበረበት ሰፈር ይመጣል። ግድግዳ ላይ ጥላ የሚሮጥበት ቤት ሌላ ምን ይባል!

ሦስት አንበሳ ብዬ ቆጥሬ ረካሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ለገሐር ላይ ተሰልፈን የምንጠብቀው አውቶቡስም ስሙ አንበሳ ነው።

«አንበሳው ጋ ነኝ» ነው ያለው፣ ወይስ «አንበሳ ላይ ነኝ»? ስልኬን ደግሜ ማየት ይሻላል።