ካርድ የምናከራይ ልጆች

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ለእንቁጣጣሽ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጽፍላችኋለሁ። ዘንድሮ ስለ ቅርጫት ኳስ ካርድ ነው። ደብረ ማርቆስ ላደገ ልጅ ነገሩ ከበዓሉ ጋር ምን እንዳገናኘው ታገሡኝና ልንገራችሁ።

አጎቴ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ደብዳቤ የሚልከው በአባቴ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። ለኔም ደብዳቤው መሀል አንድ ሁለት ካርድ ይሸጉጥልኛል። ቁመቱ 9 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ ተጫዋቹ፣ ጀርባው ላይ ቁመቱ፣ ክብደቱና ያገባው ነጥብ አለ። አያቴ መጀመሪያ ስታየው የቁማር ካርታ መስሏት አማተበች። አባቴ እስኪያስረዳት ድረስ ቤት እንዳይገባ ከለከለች።

ስለ ዋጋው የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ አስቀድሜ ልናገር። ፍሊር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ባለ 132 ካርድ ስብስብ ከማስቲካ ጋር እያሸገ ይሸጥ ነበር። 57ኛው ካርድ ዝነኛው አሜሪካዊ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን ነው። ከነዚህ የጆርዳን ካርዶች ውስጥ እንከን ያልተገኘበት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 በ738 ሺህ ዶላር በጨረታ ተሸጧል። የኔዎቹ ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 ካርድ እንደ ጉድ ሲታተም፣ ገበያው ሲጥለቀለቅ የወጡ። ሁሉም ተሰብስበው ቢሸጡ የዘንድሮን ዶሮ አይገዙም።

በኛ ሰፈር የካርዶች ሁሉ ራስ ማኑት ቦል ነበር። ጆርዳንን ማን ያውቀዋል? ማኑት ቦል ግን የሱዳን ሰው፣ ዲንካ ነው። ያኔ የምናውቀው ጎጃም ክፍለ ሀገር ሱዳን ድንበር ድረስ ይደርስ ስለነበር ጎረቤታችን አድርገን ቆጠርነው። ካርዱ ቁመቱን የሚናገረው በጫማና በኢንች ነው፤ 7 ጫማ ከ7 ኢንች። ይህን የሚፈታልን ስላጣን ጎረቤታችን ወደነበሩት የሒሳብ መምህር ሄድን። እሳቸውም አስልተው 2 ሜትር ከ31 አሉን። አላመንናቸውም። ሜትርና ጠመኔ ይዘው መጡና በወንበር ላይ ቆመው የቤታችን ግድግዳ ላይ አሰመሩልን። መስመሩ ከበራችን መቃን በላይ ዋለ። «ታዲያ እቤቱ እንዴት ይገባል?» አለች አያቴ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ መግሲ ቦግስ መጣ። እሱ 1 ሜትር ከ60 ነው። እናቴን ከግድግዳው ጋር አስጠግተን ብንለካት በለጠችው። ለሳምንት ስትኩራራ ከረመች። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1987/88 ዋሽንግተን ውስጥ አብረው በአንድ ቡድን መጫወታቸውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ብሰማ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

የናይጄሪያው ኦላጁዋን ደግሞ ጠብ አመጣብን። አንዱ ካርድ ላይ «አኪም» ይላል፤ በኋላ የመጣው ላይ «ሀኪም»። ግማሾቻችን ወንድማማቾች ናቸው አልን። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1991 የስሙን አጻጻፍ አስተካክሎ ነው ለካ።

ጨዋታውን አንዳችንም በዓይናችን አላየነውም። ካርዱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም አከራያለሁ። ለአንድ ሌሊት በብይ። በኪስ፣ በደብተር፣ በትራስ ሥር ያደረ ካርድ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ፊቱ ይፈዛል። የዛሬ ሰብሳቢዎች ካርዱን በፕላስቲክ አሽገው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ያሰጡታል። የኔን ማኑት ቦል ቢያዩት 1 መስጠታቸውም ችሮታ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንም ያልነካው ካርድ አያስቀናኝም።

አሁን ወደ እንቁጣጣሽ ልምጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች። በማግሥቱ እነ ጆርዳን፣ እነ ማጂክ ጆንሰን እዚያው ከተማ በቅርጫት ኳስ ወርቃቸውን ወሰዱ። ለኛ የቱ እንደሚበልጥ መናገር አያስፈልግም። ጳጉሜን ሲገባ እኅቶቻችን እንግጫ ሊነቅሉ ሲዘጋጁ እኛ ወንዶቹ ሉክና ከለር ይዘን ተቀመጥን። በሌላው ዓመት የምንስለው መልአክ፣ ፀሐይና አደይ አበባ ነበር። የዚያን ዓመት ግን የደራርቱን ካርድ ሠራን። ሉኩን በካርዱ ልክ ቆረጥነው። ዙሪያውን አሰመርን፣ ከታች ስሟን ጻፍን። ፊቱ ላይ ደራርቱና ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ሣልን። ጀርባው ላይ «አርሲ፣ በቆጂ። 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። ወርቅ» አልን። ቁመቷን ስለማናውቅ መምህሩን ጠየቅን። «እሱን እሷን ጠይቁ፤ የሷ በእግር ነው እንጂ በቁመት አይደለም» አሉን። ቦታውን ባዶ ተውነው።

መስከረም 1 ጠዋት ልጃገረዶቹ በአበባየሆሽ አንዱን ደጅ ሲያደምቁ እኛ በሌላው ገባን። ሌላ ጊዜ ስሙኒ የሚሰጡን ሰዎች ሽልንግ ሰጡን። አንድ ሽማግሌ ካርዱን ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩና ከኪሳቸው አንድ ብር አወጡ። ብር! ሥዕሉን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የደራርቱ ካርዶች ሁሉ እንዲህ ተሸጠው አለቁ፤ አንድም አልቀረኝም። የአሜሪካኖቹ ግን ዛሬም ካርቶን ውስጥ አሉ።

ዘንድሮ በራችሁን የሚያንኳኩ ልጆች ሲመጡ ዝርዝር ብር አታጡ። ከሱቅ የተገዛ ካርድ ለሚያመጣውም ስጡት፣ በዓል ነው። በእጁ ሥሎ ለመጣው ግን እጥፍ አድርጉልኝ፤ ማንን እንደሣለም ጻፉልኝ።

ዓመቱ የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ይሁንልን። አኪምን ለአንድ ሌሊት ተከራይቶ ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ዳር የገባኸው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ኪራዩ እስካሁን እየቆጠረ ነው።