ጣፋጭነትን ከብቅል ጣዕም መለየት፦ የስኮትላንድ ኤል ቅምሻ ልምምዴ

ሰሞኑን የቢራ ቅምሻ ልምምዴን ሙሉ በሙሉ ወደ ስኮትላንድ ኤል አዙሬዋለሁ፤ ኤል ሞቅ ባለ ሙቀት በሚሠራ እርሾ የሚብላላ የቢራ ዓይነት ነው። የምኖረው ኤድንብራ ስለሆነ ቢራው ከበርሜል ሲቀዳም ሆነ በጠርሙስ ታሽጎ በቅርብ አገኘዋለሁ። እናንተም ቅምሻ እየተለማመዳችሁ ስለሆነ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

እስካሁን ካተረፍኩት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ጣፋጭነትና የብቅል ጣዕም አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው "ብቅሉ ጎልቷል" ሲል "ስኳር ስኳር ይላል" ማለቱ ነው። ጣፋጭነት በአብዛኛው እርሾው ሳይበላው ከቀረ ስኳር ይመጣል፤ የሚለየውም ምላስ ነው። የብቅል ጣዕም ግን የዳቦ ቅርፊት፣ የለውዝ፣ የካራሜል ጣዕም ነው፤ አብዛኛው የሚታወቀው በአፍንጫ በኩል ነው። የስኮትላንድ ኤል ይህን ለመማር በጣም ይመቻል። ሆፑ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ዝቅ ስለሚል ብቅሉ እንደ ልብ ይታያል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙና አንዴ ጎንጨት በሉ። የሚሰማችሁ ጣፋጩና መራራው ብቻ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ አፍንጫችሁን ልቀቁና በእሱ በኩል ተንፍሱ። ዳቦው፣ ካራሜሉ፣ ዘቢቡ፣ ሁሉም ያን ጊዜ ከተፍ ይላል። እኔ አሁን አዲስ ቢራ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው። ማስታወሻዬ ላይም "ጣፋጭነት" እና "ብቅል" ለየብቻ መስመር አላቸው።

ስለ ስሞቹ ትንሽ ልበል። እዚህ መጠጥ ቤት ስትገቡ መቅጃው ላይ "80 ሽልንግ" የሚል ልታዩ ትችላላችሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንድ በርሜል ዋጋ ነው ለቢራው መጠሪያ የሆነው፤ ጠንካራው ውድ፣ ቀላሉ ርካሽ ነበር። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1971 ገንዘቧን ስትቀይር ሽልንግ ከአገልግሎት ወጣ፤ ቢራው ግን እስካሁን በስሙ ይጠራል። በዛሬው አከፋፈል 60 ሽልንግ ላይት፣ 70 ሄቪ፣ 80 ኤክስፖርት ይባላል። ላይት አልኮሉ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ሄቪ ወደ 4 ይጠጋል፤ ኤክስፖርት እስከ 6 ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ያለው ዊ ሄቪ ከ6.5 እስከ 10 በመቶ ይሄዳል። ላይት መባሉ ለጥንካሬው ነው እንጂ ለቀለሙ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ላይት ብታገኙ እንዳይገርማችሁ።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። ከሁሉ የጠቀመኝ ቢራ ሳይሆን ብቅሉን ራሱን መቅመስ ነው። የብቅል ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቀላል ዘዴ አለ። 50 ግራም ብቅል ትፈጫላችሁ። 65 ዲግሪ በሞቀ 400 ሚሊ ሊትር ውኃ ቴርሞስ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ። ከ15 ደቂቃ በኋላ በቡና ማጥለያ ወረቀት ታጠሉታላችሁ። በቃ፣ የብቅሉን ጣዕም ያለ እርሾ፣ ያለ ሆፕ፣ ያለ አልኮል አገኛችሁት።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የስኮትላንድ ኤል መሠረት የሆነውን ነጣ ያለ ብቅል ሞከርኩ። ፈሳሹ ይጣፍጣል፤ ሽታው ግን ለስላሳ ነው፣ ሊጥና ማር ነገር። ቀጥሎ ክሪስታል ብቅል ጨመርኩበት። ይህ ብቅል ገና እርጥብ ሳለ ስለሚሞቅ ስታርቹ እዚያው ፍሬው ውስጥ ስኳር ይሆንና በኋላ አብሮ ይጠበሳል። ካራሜሉና ዘቢቡ ቁልጭ ብሎ መጣ። መጨረሻ ላይ ከነጣ ያለው ብቅል ጋር ጥቂት የተቆላ ገብስ ቀላቀልኩ። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሽታ ሲያገኝ ወዲያው አሻሮ ትዝ ይለዋል። ለኛ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ሌላው ተማሪ ከዜሮ የሚጀምረውን ሽታ እኛ ከልጅነት ይዘነዋል። የተቆላው ገብስ ጣፋጭነት አልጨመረም። እንዲያውም አፍ አደረቀ፣ ቀለሙን ወደ ቀይ ቡናማ ወሰደው። ብዙ የስኮትላንድ ኤሎች መጨረሻቸው ደረቅ የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። በጥቂቱ የገባች የተቆላ ገብስ ናት ሥራውን የምትሠራው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ሙቀት ነው። ፍሪጅ ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ያደረ ቢራ ብቅሉን አያሳይም። ብርዱ መዓዛውን አፍኖ ይይዘዋል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ግን ሌላ ቢራ የተከፈተ ነው የሚመስለው። መጠጥ ቤት ከበርሜል በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው 80 ሽልንግ በዚሁ ሙቀት አካባቢ ስለሚቀርብ፣ ጋዙም አነስተኛ ስለሆነ ለጀማሪ ከጠርሙስ ይሻላል ባይ ነኝ። አልኮሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ምላስ ሳይደነዝዝ ረጋ ብሎ ለመጻፍ ጊዜ ይሰጣል።

በሙቀት ለውጥ ያጠናሁት ቢራ ትራኳየር ሃውስ ኤል ነው። አልኮሉ 7.2 በመቶ ስለሆነ ከዊ ሄቪ ይመደባል። የሚጠመቀው በደቡብ ስኮትላንድ ኢነርሊተን አጠገብ ባለ ጥንታዊ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ የተተወውን ጠመቃ እ.ኤ.አ. በ1965 መልሶ ያስጀመረው የቤቱ ባለቤት ፒተር ማክስዌል ስቱዋርት ነው። እስከ ዛሬ የሚብላላው በኦክ እንጨት ገንዳ ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ አፍንጫዬ ላይ የተቆላው ገብስና ትንሽ አልኮል ብቻ ነበር። ብርጭቆውን በመዳፌ ይዤ ቀስ እያለ ሲሞቅ መጀመሪያ የዳቦ ቅርፊት መጣ፣ ከዚያ ዘቢብና ቴምር፣ በመጨረሻ የእንጨት ነገር። ምላስ ላይ ሲያርፍ ይጣፍጣል። ሲዋጥ ግን ጣፋጩ ተቆርጦ የብቅሉ ጣዕም ብቻውን ይቆያል፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ጣፋጭነትና ብቅል መለያየታቸውን በአንድ ብርጭቆ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

በእነዚህ ቢራዎች ላይ ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልግባቸው ሁለት ጣዕሞች አሉ። አንደኛው ቅቤ ቅቤ የሚለው ዳያሴቲል ነው። እርሾ ሲያብላላ የሚወጣ ነገር ነው፤ በቂ ጊዜ ካገኘ እርሾው መልሶ ይወስደዋል። ካራሜል በበዛበት ኤል ላይ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ዳያሴቲል የሲኒማ ቤት ፋንዲሻ ይሸታል፣ ምላስም ላይ ያሟልጫል። ካራሜል አያሟልጭም፤ ከተጠበሰ ዳቦ ሽታ ጋርም አብሮ ይመጣል።

ሁለተኛው የፒት ጭስ ነው፤ ፒት የሚባለው ከረግረግ ተቆርጦ የሚነደው አፈር ነው። የአይላ ደሴት ውስኪ በዚህ ጭስ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው የስኮትላንድ ቢራም መጨስ አለበት ብሎ ያስባል። አንዳንድ የውጭ ጠማቂዎችም በፒት የታጠነ ብቅል ይጨምራሉ። የቢራ ዳኞች ፕሮግራም፣ ማለትም የቢጄሲፒ መመሪያ ግን በዚህ ዘርፍ የፒት ጭስ ቦታ እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። እኔም እስማማለሁ። ጭሱ ሲገባ ያ ስስ የዳቦ ጠረን ይዋጣል፤ የቢራው ውበት ደግሞ እሱ ነው። ከተቆላው ገብስ የሚመጣ በጣም ቀላል የጭስ ስሜት ቢኖር ግን ችግር የለውም።

ነጥብ የምሰጠው በዚሁ በቢጄሲፒ ቅጽ ነው። ከ50 ሲሆን መዓዛ 12፣ ገጽታ 3፣ ጣዕም 20፣ የአፍ ውስጥ ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምት 10 ይይዛል። ለትራኳየር በቅደም ተከተል 10፣ 3፣ 17፣ 4 እና 8 ሰጠሁት፤ ድምሩ 42 ነው። ከ38 እስከ 44 "እጅግ ጥሩ" የሚባለው ክልል ነው። አንድ ነጥብ ከአፍ ውስጥ ስሜት የቀነስኩት አልኮሉ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ስለሚያሞቅ ነው። ሌላ የሚቀምስ ሰው ይህን ሙቀት እንደ ጥሩ ጎን ሊቆጥረው ይችላል፤ መመሪያውም ለዊ ሄቪ ለስለስ ያለ ሙቀት ይፈቅዳል።

ገጽታ 3 ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ቀለም እያዩ ብዙ መጻፍ ያምራል፣ ነጥቡ ያለው ግን አፍንጫና ምላስ ላይ ነው። ስለዚህ አሁን አረፋው ሳይጠፋ መጀመሪያ አሸታለሁ፣ ማስታወሻዬን እጽፋለሁ፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ አያለሁ።

ቀጣዩ እቅዴ 80 ሽልንግ ኤልን ከጀርመኑ ጠቆር ያለ ቢራ፣ ከዱንክል ጋር ጎን ለጎን መቅመስ ነው። ሁለቱም በብቅል የሚታወቁ ናቸው፤ አንዱ ኤል፣ አንዱ ላገር (በቀዝቃዛ የሚብላላ ቢራ)። አፍንጫዬን ይዤ ስቀምስ ይመሳሰላሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አፍንጫዬን ስለቀው ደግሞ የዱንክሉ የዳቦ ቅርፊት ይበልጥ የሚጎላ ይመስለኛል። ዱንክል በቅርባችሁ የምታገኙ ካላችሁ እናንተም በዚሁ መንገድ ሞክሩትና ማስታወሻችንን እናስተያይ። ሁለቱንም 12 ዲግሪ አካባቢ አድርሷቸው፤ አለበለዚያ ንጽጽሩ አይሠራም።